የአንባቢው ደቂቃ

ዜና አንባቢው ከሞተ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የድምፅ ቴክኒሻኑ ግን የገባለትን ቃል ገና አልፈጸመም።

ቃሉ አጭር ነበር። አንባቢው የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ሚስቱ ትራሱን ከጀርባው ከፍ እያደረገችለት፣ ልጁ በሩ ላይ ቆማ እየሰማች፣ ድሮ አገር ምድሩ በሚያውቀው፣ አሁን ግን ክር ባከለ ድምፁ ቴክኒሻኑን ጠጋ በል አለው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመስታወቱ ማዶ ቁጭ ብለህ ዝም እንዳልል ስትጠብቀኝ ኖርክ» አለው። «አሁን አንዴ ዝም አሰኘኝ። በሰባት ሰዓቱ ዜና ላይ፣ እኔ በምገባበት ሰዓት። ንግግር አልፈልግም። ሙዚቃም እንዳታደርጉብኝ። አንዲት ደቂቃ፣ ባዶዋን።»

«አንተ ደግሞ ዝም ማለት መቼ ታውቅበትና» አለ ቴክኒሻኑ።

«ስለማላውቅበት አይደል የምለምንህ።»

ሳቁ ሳል ሆነበት። ሚስቱ በግንባሯ «ተው፣ አታስቀው» የሚል ምልክት አሳየች። ቴክኒሻኑ አደርገዋለሁ አለ። አንዴ ያለውን ሁለቴ የሚል ሰው አልነበረም፤ እነሱም አልደገሙትም።

ሬዲዮ ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው አንድ ደቂቃ ዝምታ ምን አላት ይል ይሆናል። ለሬዲዮ ሰው ዝምታ ለሹፌር ፍሬን እንደ መበጠስ ነው። አምስት ሰከንድ ጸጥ ሲል የአድማጭ እጅ ወደ ማዞሪያው ይሄዳል። አሥር ሰከንድ ከሞላ የአለቃ ስልክ ይጮኻል። ቴክኒሻኑ ዕድሜውን የፈጀው ይህን ሲጠብቅ ነው። አንባቢው ትን ሲለው ሙዚቃ ይለቃል፤ ወረቀት ሲጠፋው ሙዚቃ ይለቃል። አንድ ቀን አንባቢው የእናቱን ሞት ዜናው መሐል ሰምቶ ጉሮሮው ዝግት ሲልበት፣ ቴክኒሻኑ አራት ደቂቃ ሙዚቃ ለቆ፣ ገብቶ ፊቱን አጥቦት፣ ውሃ አጠጥቶት፣ ወንበሩ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ዜናው ተነቦ አለቀ። ውጭ ያለ ሰው አንዱም አላወቀ። ጓደኝነታቸው እንዲህ ያለ ነበር፤ ብዙ የማይወራበት።

ቴክኒሻኑን የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ታናናሾቹ «ጋሼ ጆሮ»። ከሦስት ክፍል ወዲያ ያለ ማራገቢያ ሊበላሽ ሲል ድምፁን ሰምቶ የሚናገር ሰው ስለሆነ ነው።

ጣቢያው ግን የድሮው ጣቢያ አይደለም። ተራራው ላይ የነበረው ማሠራጫ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው። ሥርጭቱ በኢንተርኔት ሆኗል፤ የሚሰማ በስልኩ ይሰማል። ከሦስቱ ስቱዲዮዎች ሁለቱ ለልብስ ሰፊዎች ተከራይተዋል። አቅራቢዎቹ ከየመኝታ ቤታቸው ይናገራሉ፤ ጆሮ ያለው ሰው የማን ማቀዝቀዣ እንደሚያንጎራጉር፣ የማን ጎረቤት ምስማር እንደሚመታ ለይቶ ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ የለም። ሥራው፣ ወሬው፣ ቁጣው፣ ይቅርታው ሁሉ ስልክ ላይ በከፈቱት የሠራተኞች ግሩፕ ነው። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ዘወር ከማለት ይልቅ ይጻጻፋሉ።

አንባቢውም ስንብቱን ያነበበው ግሩፑ ላይ ነበር። ከእንግዲህ ዜና በአጫጭር ቁራጭ ስለሚቀርብ ረጅም ንባብ አያስፈልግም፣ ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም የፊኛ ሥዕል። አንባቢው መነጽሩን አድርጎ፣ እኔም አመሰግናለሁ ብሎ ጽፎ ሊልክ ሲል አልሄድለት አለ። ለካ ቀድመው ከግሩፑ አስወጥተውታል። ይህን ለቴክኒሻኑ እየሳቀ ነው የነገረው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ታመመ።

ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኃላፊው ቢሮ ነው። ኃላፊው በዕድሜ የታናሽ ወንድሙ ልጅ ቢሆን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቆሞ ተቀበለው፣ ወንበር ሳበለት፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ዓይኑም እርጥብ አለ።

«በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው ጋሼ» አለ። «ግሩፑ ላይ ይጻፉት።»

«እየነገርኩህ እኮ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ካልተጻፈ የለም ማለት ነው ጋሼ። ነገ ማን አለ ቢባል?»

ጻፈው። በአንድ ጣቱ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ወዳጃችን ባለፈው ሳምንት አርፏል፤ የመጪው ሐሙስ በሰባት ሰዓቱ ዜና አንድ ደቂቃ ጸጥታ ይደረግለት፤ ኑዛዜው ነው። ወዲያው የተጋጠሙ እጆች መጡ፣ ልቦች መጡ፣ ሻማ መጣ። ሠላሳ ስምንት ሰው አይቶታል ይላል ከሥሩ። ኃላፊው «ጸድቋል» ብሎ ጻፈ። ከአዲሶቹ አንዱ ደግሞ «ይቅርታ፣ ማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

አሁን የቀረው ጠባቂው ነው።

ጠባቂው ሰው አይደለም፤ ድሮ የቴክኒሻኑ የነበረውን ሥራ የወሰደ ፕሮግራም ነው። የትኛው ከተማ እንዳለ በማይታወቅ ሰርቨር ላይ ሆኖ ሥርጭቱን ሌት ተቀን ያዳምጣል። አሥራ አምስት ሰከንድ ጸጥ ካለበት ማንንም ሳይጠይቅ ማስታወቂያ ይለቃል። ሰው ገብቶ ካላጠፋው በቀር ሟችም አያውቅ፣ ኑዛዜም አያውቅ።

የሚያጠፋው ሰው ደግሞ «ሲስተሟ» የሚሏት ባለሙያ ናት። ከሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ቴክኒሻኑ አይቷት አያውቅም፤ ፎቶዋ ላይ ያለችው ድመት ናት። ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ ጠባቂውን አጥፊልኝ ብሎ ጻፈላት። በትሕትና መለሰችለት፤ እንዲህ ያለ ነገር በፎርም ነው የሚገባው ብላ ሊንኩን ላከችለት። ከፈተው። ፎርሙ ችግርዎ ምንድን ነው ይላል። ድምፅ ተቋርጧል። ድምፅ ጎርንኗል። ማስታወቂያ አልተላለፈም። ዝምታ እፈልጋለሁ የሚል የለውም። «ሌላ» የምትለዋን ነካ። ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በትዕግሥት ይጠብቁ አለው።

ሦስት ቀን ጠበቀ። ወሬ የለም። ማክሰኞ ዕለት ግሩፑ ላይ እንደገና ጻፈ፦ ጠባቂው ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? ሠላሳ ስምንት ሰው አየው። የስፖርቱ ሰው ለቴክኒኮቹ ነው ብሎ አለፈው። ቴክኒኮቹ ኃላፊው ይመልስ ብለው አለፉት። ኃላፊው ሲስተሟ ታየዋለች ብሎ ተወው። ሲስተሟ ደግሞ ፎርም ገብቷል፣ የፎርም ሰዎች ያዩታል አለች በልቧ። አንድ ሰው አውራ ጣት አስቀመጠበት፤ የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው ነው፤ ለምን እንዳስቀመጠ እሱም አያውቅም። ከሰዓት በኋላ የአንዷ ልደት ሆነና ግሩፑ ኬክ በኬክ ሲሆን ጥያቄውን ውሃ በላው።

ዕድሜ ልኩን ማሽን የነካካ ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለቴክኒሻኑ አንድ ነገር መጣለት። ጠባቂው የሚፈራው ፍጹም ዝምታን ነው። ትንሽ ድምፅ፣ ስም የሌላትም ብትሆን፣ ካገኘ አይነሣም። የስቱዲዮ ዝምታ ደግሞ ባዶ እንዳልሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የቀረችው ስቱዲዮ ገባ። የአንባቢው ወንበር አሁንም እዚያው ነው፤ የክንዱ ቆዳ ግራ ግራው ተልጧል፤ ሰውዬው ሲያነብ በግራ እጁ እየቧጠጠ ነው የጨረሰው። ማይኩን ፊቱ ያስቀምጥበት በነበረበት ከፍታ አስተካከለ። መቅረጫውን አስነሥቶ ወጣና ከመስታወቱ ማዶ ቁጭ አለ። አንድ ደቂቃ ያህል ማንም የሌለበትን ክፍል ቀረጸ። የመብራቱ ሹክሹክታ አለ፤ የእንጨቱ ግድግዳ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ ይሰማል፤ የወንበሩ ብረት ራሱን በራሱ ያቃስታል። ድምፁን ከፍ አደረገው። ክፍሉ የሚተነፍስ መሰለ። የድምፅ ማደባለቂያው መርፌ ከዜሮ ተነሥታ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

በዚህች መርፌ ሠላሳ አንድ ዓመት ተማምኖባታል። ለማንም አልተናገረም። ግሩፑ ላይም አልጻፈም። ካልተጻፈ የለም ብለውት የለ? እንግዲያው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በነገሩ ፈገግ አለ።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት ተኩል ቦታው ላይ ነበር። ጃኬት ለብሷል። በግራ ጆሮው የማደባለቂያውን ማዳመጫ አደረገ፤ ስልኩን ከፍቶ ሥርጭቱን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋ። በኢንተርኔት የሚሄደው ከስቱዲዮው ግማሽ ደቂቃ ይዘገያል፤ ይህን ያውቃል። ሰባት ሰዓት ሲሆን አቅራቢዋ ከቤቷ ሆና የተጻፈላትን አነበበች። ጥሩ አነበበች። የአንባቢውን የአገልግሎት ዘመን ብቻ ሁለት ዓመት ቀነሰችበት። አንድ ደቂቃ ጸጥ እንላለን አለች። ቴክኒሻኑ የሷን ዘግቶ የክፍሉን ቅጂ ከፈተ።

በግራ ጆሮው መብራቱ ሹክ አለ፣ ግድግዳው ተላቀቀ፣ ወንበሩ አቃሰተ። ዓይኑን ጨፈነ። መስታወቱ ማዶ ሰው ያለ መሰለው። ሠላሳ ሰከንድ እንዲህ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ላይ የአቅራቢዋ ድምፅ መጣ፦ ጸጥ እንላለን። አሁን በቀኝ ጆሮው ክፍሉን ጠበቀ።

ክፍሉ አልመጣም። የመጣው ዝምታ ነው። ጥጥ የወተፉበት ያህል፣ ሹክሹክታ የሌለው፣ የሞተ ባዶ። መርፌዋን አየ፤ ትንቀጠቀጣለች። ስልኩን አየ፤ ባዶ። ሳይወድ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት።

ሴት ሳቀች። ከኋላዋ ከበሮ ነገር ተመታ። «እኛ ፍራሽ ላይ አንዴ የተኛ፣ መነሣት አያምረውም!» አለች።

በግራ ጆሮው ወንበሩ ገና ያቃስታል። በቀኙ ሴትዮዋ የፍራሹን ውፍረት ትናገራለች። ቴክኒሻኑ ያለውን ሁሉ ነካ፤ ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ሶኬቱን ነቀለ። የፍራሹ ሳቅ አልነቃነቅ አለ። ማስታወቂያው የሚለቀቀው ከሰርቨሩ ነው፤ እጁ ሥር ካለው ነገር ሁሉ አንዱም አይደርስበትም። ማስታወቂያው አለቀና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ግሩፑ ላይ ጠባቂው ራሱ ጻፈ፤ እንዲህ ሲገጥመው ይጽፋል። አሥራ አምስት ሰከንድ ዝምታ ተገኝቷል፤ ሥርጭቱ በራሱ ተመልሷል፤ የደረሰ ጉዳት የለም። ከሥሩ አሥራ ዘጠኝ ጭብጨባ ተደረደረ። ኃላፊው «ጎበዞች፣ ይሄ ነው የቡድን ሥራ» ብሎ ጨመረበት። የሚያጨበጭቡት ለምን እንደሆነ አንዱም አልሰማም ነበር፤ የራሱን ጣቢያ የሚሰማ ሠራተኛ የለም።

አመሻሹ ላይ ሲስተሟ ለብቻው ጻፈችለት። ነገሩን ከጠባቂው መዝገብ ላይ አይታዋለች፤ አዝናለች፤ ፎርሙ ገና ወረፋ ላይ ነው አለች። የሱ ቅጂ የጠፋበትንም ምክንያት ፈልጋ አግኝታለታለች። ድምፅ ከስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ከመግባቱ በፊት አንድ ማጽጃ አለ፤ የማራገቢያ፣ የማቀዝቀዣ፣ የክፍል ድምፅ ካገኘ ጠርጎ ያወጣል። ከቤታቸው ለሚያቀርቡት ተብሎ የገባ ነው። ጠባቂው የሚያዳምጠው ከማጽጃው ወዲያ ስለሆነ፣ ጋሼ የላኩት ክፍል ተጠርጎ ዝምታ ብቻ ደረሰው። ከሁለት ወር በፊት ለሁሉም ተነግሯል ብላ መልእክቱን አያይዛ ላከችለት።

ከፈተው። ረጅም ነው፤ ሁሉም ነገር በግልጽ ተጽፏል። ከሥሩ ያዩት ሰዎች ዝርዝር አለ። የራሱን ስም አገኘው። ከስሙ አጠገብ አውራ ጣት አለች፤ እሱው ያስቀመጣት። መቼ እንዳስቀመጣት ትዝ አላለውም። በቀን ሁለት መቶ መልእክት ይመጣል፤ ማን ያነበዋል፤ ዝም ከሚባል ተብሎ አውራ ጣት ይቀመጥና ይታለፋል።

በማግስቱ ወደ አንባቢው ቤት ሄደ። መንገድ ላይ ለሚስትየው የሚላትን ሲያዘጋጅ ነው የሄደው። ቃሌን በልቻለሁ ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።

የአንባቢው ሚስት በሩን ራሷ ከፈተችለት። ከለቅሶው ወዲህ ፊቷ እንዲህ ፈክቶ አላየውም። እጁን ይዛ አስገባችውና ከቁም ሣጥኑ ጎን ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ቁም ሣጥኑ ላይ አሮጌው ሬዲዮ ከነአንቴናው ቆሟል።

«ሰምቼዋለሁ ወንድሜ» አለችው። «እግዜር ያክብርልኝ።»

ቴክኒሻኑ ከንፈሩ የያዘው ቃል እዚያው ቀረ።

ነገረችው። ባሏ ከታመመ ጀምሮ ሬዲዮ ከፍታ አታውቅም፤ የሌላ ሰው ድምፅ መስማት አስጠልቷት ነበር። ትናንት ግን፣ ቴክኒሻኑ ቀኑን አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አቧራውን ጠርጋ፣ መርፌው ድሮ እሱ ካቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ከፈተችው። ጸጥ ብሏል። እንደ ነፋስ ያለ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። ቁጭ ብላ ሰማችው። አንድ ደቂቃ ብላችሁ ብዙ ሰጣችሁት አለች። እስኪበቃት ሰምታ፣ ሌላ ሰው ሳይገባበት በፊት ዘጋችው።

ያን ድምፅ ቴክኒሻኑ ያውቀዋል። ማሠራጫው ከጠፋ ጀምሮ በዚያ ሞገድ ላይ ያለው ጣቢያ የሌለበት አየር ነው። ትናንትም ያው ነበር፤ ዛሬም ከፍታ ብትሰማው ያው ነው፤ የዛሬ ዓመትም ያው ነው።

ቀና ሲል ልጅቱን አያት። በሩ ላይ ቆማለች፤ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። እሷ የሰማችው በስልኳ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ከእናቷ ጀርባ ሆና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አንዴ ብቻ።

«የኔ እህት፣ ደስ ካለሽ ደስ ብሎኛል» አለ ቴክኒሻኑ።

የመጣለትን ሁሉ ጠጣ። ሚስትየው ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ ምስጋናዬን አድርስልኝ አለችው፤ አደርሳለሁ አለ። ሊወጣ ሲነሣ ልጅቱ እኔ እሸኛቸዋለሁ ብላ ተከተለችው።

«ለእሷ እንዳይነግሯት» አለችው የውጭው በር ላይ።

«አልነግራትም።»

«ለእኔ ግን ይንገሩኝ። ማነው እንደዚያ ያደረገው?»

ቴክኒሻኑ በልቡ ስም መፈለግ ጀመረ። ኃላፊው አጽድቋል፤ እጁ ንጹሕ ነው። ሲስተሟ ፎርም ይግባ አለች፤ ገብቷል። ሠላሳ ስምንቱ አይተዋል፤ ከማየት ሌላ ማንም ምንም አላዘዛቸውም። ጠባቂው የተፈጠረበትን ሠራ፤ ማጽጃውም እንደዚያው። በድሮው ጣቢያ የጥፋት መዝገብ የሚባል ነገር ነበር፤ አምስት ሰከንድ ዝምታ ብትፈጠር ሰዓቷ ይጻፋል፣ ከጎኗ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። ሁለት ስም አይጻፍም ነበር። ባዶም አይተውም ነበር።

«አንድ ሰው ይኖራል እኮ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «አባቴ ሞቶ የሚስቅ። ስሙን ብቻ ይስጡኝ።»

«እኔ ነኝ» አለ።

«አይሸፍኑልኝ። እርስዎ አያደርጉትም።»

«አልሸፈንኩም። እንደዚያ እንደሚሆን ከሁለት ወር በፊት ጽፈውልኝ ነበር። ሳላነበው አይቻለሁ ብዬ መለስኩ።»

ልጅቱ ትክ ብላ አየችው። የምትጠላው ሰው ፈልጋ ነበር የወጣችው፤ ያገኘችው ግን ሕፃን ሆና ትከሻው ላይ ያስቀምጣት የነበረውን ሰው ነው። ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ሲዘጋ ግን አየው።

«ደህና ይግቡ» አለችው።

በሩን አላላተመችውም። ቀስ አድርጋ ገጠመችው። ቴክኒሻኑ ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ፣ ከኋላው ቁልፉ አንዴ ሲዞር ሰማ፤ ቆም ሲል ሁለተኛውን ሰማ።